የ1983ቱ የክሪኬት ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፦ ህንድ እና ዌስት ኢንዲስ በሎርድስ

ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው ክሪኬትን ሳያይ አይቀርም። የህንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ባዶ ቦታ ካገኙ ችካል ተክለው ይጫወቱታል። ዛሬ የዚህ ስፖርት ገንዘብም ተመልካችም በብዛት ያለው ህንድ ውስጥ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ነገሩ መቀየር የጀመረበትን ቀን ጥቀሱ ከተባለ፣ ብዙ ሰው የሚጠራው ሰኔ 18 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ጁን 25 ቀን 1983 መሆኑ ነው። የዚያን ዕለት ህንድ ለንደን በሚገኘው የሎርድስ ሜዳ ዌስት ኢንዲስን በ43 ነጥብ አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ወሰደች።

ሕጉን ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። በየቡድኑ 11 ሰው አለ። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ችካሎች ይጠብቃል። መትቶ ወደ ማዶ ከሮጠ ነጥብ ያገኛል። ኳሱ እየተንከባለለ ከሜዳው ጠርዝ ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ 6 ነጥብ ነው። ችካሉ ከተመታበት ወይም የመታውን ኳስ ሳያርፍ ከቀለቡበት ይወጣል። 10 ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያበቃል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ያኔ እያንዳንዱ ቡድን 60 ኦቨር ነበረው። ጨዋታው ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

ዌስት ኢንዲስ አንድ አገር አይደለም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት የካሪቢያን ደሴቶችና ጉያና በጋራ የሚያሰልፉት ቡድን ነው። እስከዚያ ድረስ የዓለም ዋንጫ ሁለት ጊዜ ብቻ ተካሂዶ ነበር፣ በ1975 እና በ1979 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው)። ሁለቱንም የበሉት እነሱ ናቸው። ሮበርትስ፣ ጋርነር፣ ማርሻልና ሆልዲንግ የሚባሉ አራት ፈጣን ወርዋሪዎች ነበሯቸው። የሚወረውሩት ኳስ ጠንካራ ነው፣ ያቆስላል። ከመቺዎቹ ደግሞ ቪቪያን ሪቻርድስ ነበር። ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሪቻርድስ በዚያ ዘመን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የእጅ ማሰሪያ ያደርግ ነበር። ቀለሞቹ የራስተፈሪያኖቹ ናቸው፣ ከየት እንደመጡ ደግሞ እኛው እናውቃለን።

ህንድስ? በሁለቱ የቀደሙ ውድድሮች ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። እሱንም በ1975 ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ የተውጣጣውን የምሥራቅ አፍሪካ ቡድን ነው። አቋማሪዎች ህንድ ዋንጫ ካነሳች 66 እጥፍ እንከፍላለን ያሉት ወደው አልነበረም። ይሁንና ምልክቱ ቀድሞ ታይቷል። በምድቡ የመጀመሪያ ጨዋታ ህንድ ይህንኑ ዌስት ኢንዲስን በ34 ነጥብ አሸንፋለች። ከዚምባብዌ ጋር ስትጫወት ደግሞ ገና 17 ነጥብ ላይ ሳለች 5 ሰው ወጥቶባት ጉድ ሊፈላ ሲል፣ አምበሉ ካፒል ዴቭ ብቻውን 175 ነጥብ አስቆጥሮ አዳናት። የዚያ ጨዋታ ፊልም የለም። ያየ አየ፣ ያላየ ቀረበት።

በፍጻሜው ህንድ ቀድማ መታች። ትልቁ ተስፋዋ ጋቫስካር በ2 ነጥብ ወጣ። ስሪካንት 38 አስቆጠረ፤ የዕለቱ ከፍተኛ የግል ውጤት ሆኖ የቀረውም ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ የገባው ሳንዱ የማርሻል ኳስ ጭንቅላቱን መታው፤ ሄልሜቱ አተረፈው። እሱና ኪርማኒ እንደምንም 22 ነጥብ ለቃቀሙ። ህንድ 60ው ኦቨር ሳያልቅ በ183 ተጠናቀቀች። ያኔ 183 ለዌስት ኢንዲስ የቁርስ ያህል ነበር።

የዌስት ኢንዲስ ተራ ሲደርስ ሳንዱ መቺውን ግሪኒጅን ገና በ1 ነጥብ አስወጣው። ግሪኒጅ ኳሱ ወደ ውጭ ይሄዳል ብሎ ዱላውን አነሳ፤ ኳሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ችካሉን መታ። ከዚያ ሪቻርድስ ገባና በ28 ኳስ 33 አስቆጠረ፣ ሰባት ጊዜ ባለ 4 መትቶ። የሚቸኩልበት ባቡር ያለ ነበር የሚመስለው። የህንዱ ወርዋሪ ማዳን ላል ኳሶቹ ክፉኛ ስለተመቱበት ካፒል ሊያሳርፈው አሰበ። እሱ ግን አንድ ኦቨር ጨምርልኝ ብሎ ለመነ። ሪቻርድስ ኳሱን ወደ ሰማይ ላከው። ካፒል ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከትከሻው በላይ አሻቅቦ እያየ ቀለበው።

አንድ ሰው ብቻ ወጥቶባቸው 50 ነጥብ የነበራቸው ዌስት ኢንዲሶች፣ 76 ላይ ሲደርሱ ስድስተኛው ወጣ። ዱዦንና ማርሻል 43 ነጥብ ጨምረው የህንዶችን ልብ ሰቀሉ። ያን ያስቆመው ሞሂንደር አማርናት ነው። አማርናት ፈጣን አይደለም። ጥቂት እርምጃ በዝግታ ይሮጥና ኳሱን በቀስታ ይለቃል። እነዚያ መቺዎች የለመዱት ግን ፍጥነት ነው፤ ቀርፋፋው ኳስ አሳታቸው። ይህን ድል ተአምር የሚሉት አሉ፣ እኔ አልስማማም። የሎርድስ ሜዳ የዚያን ዕለት ኳስ በአየርና በመሬት ላይ ያጣጥፍ ነበር፣ ህንድም ለዚያ የሚሆኑ ወርዋሪዎች ይዛ ነበር። ዌስት ኢንዲሶች ደግሞ ሂሳቡ ትንሽ ስለመሰላቸው ተዝናኑ። አማርናት 12 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 3 ሰው አስወጣ። የመጨረሻው ሆልዲንግ ነበር፤ ችካሉን ሊመታ የነበረውን ኳስ በእግሩ በመከልከሉ ወጣ። 140 ላይ አለቀ። አማርናት በመምታትም 26 ስላስቆጠረ የዕለቱ ምርጥ ተባለ።

ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ህንድን ከውድድሩ በፊት አጣጥሎ የጻፈው የክሪኬት መጽሔት አዘጋጅ ዴቪድ ፍሪዝ፣ የጻፍከውን ብላ ተብሎ ወረቀቱን የምር በላው።

በ1987 የዓለም ዋንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግሊዝ ወጥቶ ህንድና ፓኪስታን ሄደ። ዛሬ በህንድ ሊግ አንድ ተጫዋች በሚሊዮን ዶላር ይገዛል። በ1983 ግን የህንድ ክሪኬት ቦርድ ለሻምፒዮኖቹ የሚሸልመው ገንዘብ አልነበረውም። ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር ዴሊ ላይ ኮንሰርት አቀረበችላቸውና ከገቢው ለየተጫዋቹ 100,000 ሩፒ ደረሰው።