ፕራይመሪ ሬዚደንስ (ዋና መኖሪያ ቤት) ምንድን ነው? የ183 ቀን ነገር እኮ ሰለቸን

"በዓመት 183 ቀን ኒውዮርክ ካደርክ አከራዩ ምንም አያመጣም" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉን። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ይሄንኑ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ከርሞ፣ እናቱን ሊያስታምም አዲስ አበባ 7 ወር የቆየውን ሰውዬ ደግሞ "ቤቱ አለቀለት" ብሎ አስደነገጠው። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ሬንት ስታቢላይዝድ (የኪራይ ጭማሪው በህግ የተገደበ) ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ሲያልቅ አከራዩ ማደስ አለበት፣ ከዚህ ከሚያመልጥባቸው መንገዶች አንዱ "ተከራዩ እዚህ አይኖርም፣ ቤቱ ፕራይመሪ ሬዚደንሱ አይደለም" ብሎ ማስረዳት ነው። ደንቡ ግን ለብቻው የሚወስን ነገር የለም ይላል። የታክስ አድራሻ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመራጭነት ምዝገባ፣ ቤቱን መልሶ ማከራየት፣ ያቺ 183 ቀንም ጭምር አብረው ነው የሚታዩት፤ እሷም ብትሆን ለህክምና፣ ለትምህርት፣ ለስራ ወይ በሌላ በቂ ምክንያት ለጊዜው የሄደን ሰው አትነካም።

እንደ እድር አስቡት። ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ መዋጮም ይከፍላል፣ ድንኳን ውስጥ ግን ታይቶ አያውቅም፣ ይሄ ምኑ አባል ነው? ታሞ የቀረውን ደግሞ ማንም አይሰርዘውም። ልዩነቱ እዚህ የማስረዳት ሸክሙ ያለው አከራዩ ላይ ነው፣ እሱም ባዶ እጁን አይመጣም፦ ፍሪጅ ብቻ የሚሰራበት ቤት የሚመስል የኮን ኤዲሰን (የመብራት ድርጅቱ) ቢል፣ የመግቢያ ካሜራ፣ ሜሪላንድ አስቤዛ ሲገዛ የሚከርም የባንክ ካርድ። ይሄ ሁሉ ተደርድሮ "መንጃ ፈቃዴ የብሮንክስ ነው" ማለት ብዙ አያራምድም።

ሌላ ቤት መኖሩም ብቻውን አያስወጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 በግሌንብራየር ጉዳይ የስቴቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት፣ ባልየው ፍሎሪዳ ቢኖርም ሚስትየዋ የብሮንክሱን ቤት ይዛ እንድትቀጥል አድርጓል። በ2008 ደግሞ የዘፋኙ ሚክ ጃገር የቀድሞ ሚስት ቢያንካ ጃገር የፓርክ አቬኑ አፓርታማዋን ያጣችው ቀን ተቆጥሮባት ሳይሆን በቢ-2 ቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው እዚህ ፕራይመሪ ሬዚደንስ ሊኖረው አይችልም ስለተባለ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ስትቆዩ ለዜግነት የሚቆጠረው 6 ወር ሌላ ህግ ነው፣ አታደባልቁት።

ሳትጠይቁኝ ልጨምርና፣ አከራዩ በዚህ ምክንያት ሊዝ የማያድስ ከሆነ ሊዙ ከማለቁ ከ90 እስከ 150 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጎሉብ ኖቲስ የሚባለውን ወረቀት መስጠት አለበት፣ ጊዜውን ከሳተ ለዚያ ዙር ክሱ ይወድቅበታል። ወረቀቱ ከደረሳችሁ ፖስታውንም አትጣሉት፣ የተላከበት ቀን ያለው እሱ ላይ ነው።