የጽሑፍ ፋይልን ወደ ዲክሽነሪ ማንበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ላይ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚማሩ ወጣቶች ደጋግሜ የምሰጠው መልመጃ አለ። ፋይሉ በየመስመሩ የአንድ የጎጃም ከተማ ስምና የበቆሎ ኩንታል ብዛት ይይዛል፤ ተማሪው ፋይሉን አንብቦ ስሙን ቁልፍ፣ ብዛቱን ዋጋ ያደረገ ዲክሽነሪ (በቁልፉ ዋጋው የሚገኝበት ማኅደር) ይሠራል። ኮዱ ከአምስት መስመር አይበልጥም፤ የሚያሳስተው ስለ ፋይሉ አስቀድሞ የሚያዘው ግምት ነው።

«ስፕሊት (ጽሑፍን የሚቆራርጠው የፓይተን ትእዛዝ) መስመሩን ስምና ቁጥር አድርጎ ይከፍለዋል።» «ቡሬ 40» እና «ደጀን 25» በርግጥ ያለ ችግር ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ስፕሊት መለያ ምልክት ካልተነገረው ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር ስለሚቆርጥ፣ «ባሕር ዳር 60» ሦስት ቁራጭ ይሆናል፤ ኮዱ የተዘጋጀው ሁለት ለመቀበል በመሆኑ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ባሉበት አገር ይህ ብርቅ አጋጣሚ አይደለም። አርስፕሊት የሚባለውን ተመሳሳይ ትእዛዝ ከቀኝ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆርጥ ማዘዝ ይበቃል። በነጠላ ሰረዝ መለየት የመረጠ ሰው ደግሞ የእኛ «፣» እና የላቲኑ «,» ለኮምፒውተር ፈጽሞ የማይገናኙ ምልክቶች መሆናቸውን ያስታውስ።

«ኖትፓድ ላይ በትክክል ከታየ ፓይተንም በትክክል ያነበዋል።» ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫው ስልት ኢንኮዲንግ ይባላል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንግ ሳይገለጽ ፋይል ሲከፈት ግን ብዙዎቹ የፓይተን 3 ስሪቶች የሥርዓቱን ኮድ ገጽ (የባይትና የፊደል ማዛመጃ ሠንጠረዥ)፣ አብዛኛውን ጊዜ 1252ን፣ ስለሚጠቀሙ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ይቆጥሩታል። የሚገርመው ውጤቱ እንደ ከተማው መለያየቱ ነው፦ «ባሕር ዳር» ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ በዝምታ ያልፋል፤ «ፍኖተ ሰላም» ግን «ፍ» ውስጥ ያለው ባይት በዚያ ኮድ ገጽ ቦታ ስለሌለው ከመጀመሪያው ፊደል ስሕተት ያስነሣል። እኔ የሚያስቆመውን እመርጣለሁ፤ በዝምታ ያለፈው ሳይታወቅ ይቀራልና። መድኃኒቱ ፋይሉ ሲከፈት ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብሎ መጻፍ ነው።

«40 ብዬ ከጻፍኩት ቁጥር ነው።» ከጽሑፍ ፋይል የሚመጣው ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ኢንት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ካልተለወጠ የ40 እና የ25 ድምር «4025» ይሆናል።

«ዲክሽነሪ ቅደም ተከተል አይጠብቅም።» ይህ የቆየ እውነት ነው፤ ከፓይተን 3.7 (2018) ወዲህ የገባበት ቅደም ተከተል እንደሚጠበቅ በቋንቋው ተደንግጓል።

«አንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ሁለቱም ይያዛሉ።» የኋለኛው የፊተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ይተካዋል። ቡሬ ጠዋት 40፣ ማታ 15 ተብሎ ቢመዘገብ የሚቀረው 15 ብቻ ስለሆነ፣ ጌት በሚባለው ዘዴ የቀድሞውን ዋጋ (ከሌለ ዜሮን) ወስዶ አዲሱን መደመር ያስፈልጋል።

ይህም የሚሠራው ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ ነው። «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር» ለአንባቢ አንድ ከተማ ሲሆኑ ለፓይተን ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ «ሕ» እና «ህ» የየራሳቸው ቁጥር አላቸውና። ስለዚህ ተማሪዎቼ ቁልፉን ከማስገባታቸው በፊት «ሐ»ን እና «ኀ»ን ከነዝርያቸው ወደ «ሀ» ቤት፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» የሚለውጥ አነስተኛ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን እንዳለ ይቆያል።