ይዞ መልቀቅ ምንድን ነው?

ስለ ይዞ መልቀቅ፣ ማለትም ዓሣን አጥምዶ በሕይወቱ ወደ ውሃው ስለ መመለስ፣ በተነሣ ቁጥር «እየዋኘ ሄደ እኮ!» የምትለውን መልስ ከልክ በላይ ስላነበብኳት ነው ይህን የምጽፈው። አጥማጆች የሚያሠራጩት ፎቶግራፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ደረቅ ሣር ላይ ተጋድሟል፣ መንጠቆ ያለባት ሰው ሠራሽ ዝንብ ከንፈሩ ላይ እንደተሰካች ናት፣ የማጥመጃው ዘንግ ከጎኑ ተቀምጧል፣ የሚተነፍስበት የስንጥቡ ክዳን ተከፍቶ ቀርቷል። ከሥሩ አንድ ሰው «ይተርፋል?» ብሎ ይጠይቃል። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ ለዚህ ጥያቄ «ለቀቅነው፣ እየዋኘ ሄደ፤ ይዞ መልቀቅ ማለት ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አይደለም። ዝርዝር ብሎ የተወው ነገር ነው ይዞ መልቀቅ የሚባለው። እጅን መክፈትማ ማንም ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው በስሌት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንደ ደንብ መሞከር ሲጀምር ባለሙያዎቹ የያዙት ሐሳብ ይህ ነበር፦ አጥማጁ በዝቷል፤ ወንዙ የሚያፈራው ዓሣ ውስን ነው፤ በማራቢያ ጣቢያ እያሳደጉ ወንዝ ውስጥ መጨመር ገንዘብ ይበላል፤ ስለዚህ አንዱ ዓሣ ደጋግሞ ይያዝ፣ በመካከሉም ይራባ። ስሌቱ የሚሠራው የተለቀቀው ዓሣ ከኖረ ብቻ ነው። ተለቅቆ ማግስቱን የሚሞት ዓሣ ለወንዙ ድስት ውስጥ ከገባው አይሻልም። እንዲያውም ድስት የገባው ቢያንስ ሰው መግቧል።

ገበሬ ለአንድ ቀን እርሻ ከጎረቤቱ በሬ ይዋሳል እንበል። ማታ ሲመልሰው በሬው በገዛ እግሩ በበረቱ በር ይገባል። ባለቤቱ ግን በዚህ ብቻ አይረካም። አንገቱን ዳስሶ የቀንበር ቁስል ይፈልጋል፤ ጭድ ሲሰጡት መብላት አለመብላቱን ያያል፤ ሌሊት ማመስኳቱን ያዳምጣል፤ ጠዋት ሲነሣ ደግሞ አረማመዱን ይመለከታል። በበሩ መግባቱ መንገድ ላይ አለመሞቱን ብቻ ነው የሚያስረዳው። «እየዋኘ ሄደ» የሚለውም ማስረጃ ከዚህ አያልፍም። የደከመ ትራውት ከእጅ ሲወጣ በደመ ነፍስ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። የሚሞተው በኋላ፣ ድንጋይ ሥር ተሸጉጦ፣ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ አጥማጁ ቤቱ ገብቶ ፎቶግራፉን አሠራጭቷል።

ለምን ይሞታል? መንጠቆ የያዘው ትራውት የሚታገለው ያለ ኦክስጅን መሥራት በሚችለው ነጭ ጡንቻው ነው። ትግሉ በረዘመ ቁጥር ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፣ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ ያንን ለማስተካከል ሰዓታት ይፈጅበታል። በዚህ ሰዓት ከምንም በላይ የሚፈልገው ስንጥቡ ላይ የሚያልፍ ውሃ ነው። ስንጥብን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ እጅግ ስስ የሆኑ ቀይ ቅጠሎች ተደርድረውበታል። ውሃ ውስጥ ተለያይተው ይቆማሉ፤ አየር ላይ ሲወጡ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ኦክስጅን ማስገባታቸውም ከሞላ ጎደል ይቆማል። እኛ ደግሞ ፎቶግራፍ ለማንሣት የምንመርጠው ይህንኑ ደቂቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት በየቦታው ይጠቀሳል። እስኪዝሉ ድረስ እንዲዋኙ ከተደረጉ ቀስተ ደመና ትራውቶች መካከል ውሃ ውስጥ ከቆዩት በ12 ሰዓታት ውስጥ 12 በመቶው ሞቱ፤ ለ30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶው፤ ለአንድ ደቂቃ ከቆዩት 72 በመቶው። እዚህ ላይ ግን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፦ እነዚያ ዓሦች የደም ናሙና ለመውሰድ ቀጭን ቱቦ የተገጠመላቸው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያሉ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት የሆነ ነበሩ። በኋላ ወንዝ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አየር ላይ ለአጭር ጊዜ በቆየ ዓሣ ላይ ከዚህ በጣም ያነሰ ሞት ነው ያገኙት። ስለዚህ «አንድ ደቂቃ ከውሃ ያወጣኸው ዓሣ ሰባ በመቶ ይሞታል» እያሉ ሰውን የሚያስፈራሩትም ልክ አይደሉም። ጥናቱ በትክክል የሚያሳየው ድካምና አየር ሲደራረቡ ጉዳቱ እንደሚባባስ ነው። ለአጥማጅ ይህ ይበቃዋል፤ ትግሉን ያሳጥር፣ ዓሣውን መረቡ ውስጥ እንዳለ ውሃው ላይ ያቆየው፣ ካሜራው ሳይዘጋጅ አያውጣው። በጣም ቀጭን ክርና ቀላል ዘንግ ይዞ ትልቅ ትራውትን ለረጅም ጊዜ ማታገል ጀግንነት ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ። በሬውን ማረስ ካለበት በላይ ማሳረስ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ሙቀት ነው። 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል። የትራውቱ ሰውነት ግን ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። አቅርቦቱ ሲያንስ ፍላጎቱ ያድጋል ማለት ነው። እኔ ውሃው 20 ዲግሪ ሲጠጋ ትራውት ማጥመድ አቆማለሁ፤ ቴርሞሜትር ከዝንቦቹ ሣጥን ጋር አብሮኝ ይዞራል። በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት የወንዝ ውሃ ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል፤ ዓሣውን መልቀቅ ክልከላውን አያስቀርም። በቀትር ሐሩር የታረሰበት በሬ በቀስታ ቢመለስም ምን ዋጋ አለው? እዚህ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ያለው የጋንፓውደር ወንዝ በበጋም ለትራውት የሚመቸው ውሃው ከፕሪቲቦይ ግድብ ሥር ቀዝቅዞ ስለሚወጣ ነው። ከእሱ ብዙም በማይርቅ ሌላ ጅረት ላይ በዚያው ቀን ያንኑ ማድረግ ዓሣውን መግደል ሊሆን ይችላል።

አስተያየት ሰጪው ሌላም መከላከያ ነበረው፦ «መንጠቆዬ እሾህ የለውም።» ከመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የምትመለከተውን ትንሽ እሾህ በጉጠት መጫን ጥሩ ልማድ ነው፤ እኔም ሁሉንም እጫናቸዋለሁ፤ መንጠቆው ቶሎ ይወጣል። ነገር ግን በትራውት ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች በእሾሃማውና በሌለው መካከል ያገኙት የሞት ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው መንጠቆው የገባበት ቦታ ነው። ትል የዋጠ ዓሣ መንጠቆው ጉሮሮው ወይም ሆዱ ድረስ ይገባል፤ ዝንብ የነከሰው ብዙውን ጊዜ ከንፈሩ ላይ ነው የሚያዘው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጠናቀረ አንድ ግምገማ በተፈጥሮ ምግብ ተይዘው ከተለቀቁ ትራውቶች ከአራቱ አንዱ ገደማ እንደሚሞት፣ በዝንብ ከተያዙት ግን ከመቶው 4 ያህሉ ብቻ እንደሚሞቱ አስቀምጧል። የዝንብ ማጥመድ ትክክለኛ ጥቅም ይህ ነው። ግን 4 ከመቶ ዜሮ አይደለም፤ በአንድ ቀን ብዙ ዓሣ ይዞ የለቀቀ ሰው ምንም አልገደልኩም ሊል አይችልም።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው ስለ ትራውት ነው። ባስና ብሉጊል የሚባሉት የሐይቅና የኩሬ ዓሦች ሙቀትን በጣም ይችላሉ፤ የእነሱ ችግር ሌላ ቦታ ነው። በፀደይ ወንዱ ባስ የሐይቁን ዳር በጭራው ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ ዕንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ እሱ እየዞረ፣ በክንፉ ውሃውን እያንቀሳቀሰ፣ ጫጩቶቹ እስኪጠኑ ለሳምንታት ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ጎጆው ላይ የወደቀችን ዝንብ የሚነክሰው ሊያባርራት ብሎ ነው፤ ስለዚህ እሱን መያዝ ቀላል ነው። ብሉጊሎቹ ጥቂት ክንድ ርቀው ይጠብቃሉ። አባቱ ወደ አየር በወጣበት ቅጽበት ጎጆው ላይ ይሰፍራሉ። አጥማጁ ባሱን ዘርግቶ ለካው፣ ፎቶግራፍ አነሣው፣ በክብር ለቀቀው፤ ባሱ በእርግጥም በሕይወት አለ። ዕንቁላሎቹ ግን ተበልተዋል። ብዙ የተዘረፈበት ወንድ ደግሞ የቀረውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ጥጃዋ ገና ያልጠናች ላም ቀንበር ሥር አትገባም፤ ጎጆ የሚጠብቅ ባስም መጀመሪያውኑ መነካት የለበትም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ሁለተኛው ጫፍ ልምጣ፦ መልቀቅ ሁልጊዜ ትክክል ነው የሚለው እምነት። በትንሽ ኩሬ ውስጥ ትንንሾቹን ባሶች ሁሉ የሚለቅ ሰው ከጊዜ በኋላ የሚያገኘው ጭንቅላታቸው የገዘፈ፣ ሆዳቸው የተጣበቀ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የማያልፉ ዓሦችን ነው። ምግቡ አይበቃቸውም። እንዲህ ላለ ኩሬ የተወሰኑትን አውጥቶ መጥበስ ጥበቃ ነው። የስዊዘርላንድ ሕግ ደግሞ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ራሱን ይከለክላል፤ መከራከሪያው የእንስሳው ሥቃይ ነው። ከእነሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ባልስማማም፣ ጥያቄያቸው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ግልጹ ምሳሌ በአሜሪካ «የሎውስቶን» በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌክ ትራውት የሚባለው መጤ ዓሣ እዚያ መኖሩ ታወቀ፤ «ከትስሮት» የሚባለውን ነባር ትራውት እየበላ አመናመነው። ነባሩ ለመራባት ወደ ትንንሽ ጅረቶች ስለሚወጣ ድብም አሞራም ይመገበው ነበር፤ መጤው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ስለሚውል ለእነሱ አይደርሳቸውም። ስለዚህ የፓርኩ ደንብ ከትስሮትን ልቀቁ፣ ከዚያ ሐይቅ የያዛችሁትን ሌክ ትራውት ግን ሁሉ ግደሉ ይላል። መብላት የማይፈልግ ሰው የዓሣውን የአየር ከረጢት በስቶ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንዲጥለው ነው የሚመከረው። ወደ በረት የሚመለሰው በሬ ነው፤ ጅብ አይመለስም።

ይህ ባሌንም ይነካል። በዲንሾ ዙሪያ ባሉት እንደ ዌብ ባሉ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ነው፤ ትራውት የኢትዮጵያ ውሃ ነባር ዓሣ አይደለም። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዝርያ ከሰሜን አሜሪካ፣ ቡናማ ትራውት የሚባለው ከአውሮፓ የተነሡ ናቸው። እዚያ ዓሣ ያስቀረን አጥማጅ «ተፈጥሮን አጠፋህ» ብሎ መውቀስ ከየት ይመጣል? ምን ያህል ይያዝ፣ ምን ያህል ይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው የአካባቢው ደንብ ነው፤ ያም መከበር አለበት። ለመልቀቅ የወሰነ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስታውስ፦ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃው ቢቀዘቅዝም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ሙቀት ባሕር ወለል ላይ ካለው በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዌብ ላይ ትራውቱ ከመረቡ ሳይወጣ፣ ስንጥቡ ከውሃው ሳይለይ መንጠቆው ይነቀል።