የጣርማበር መንገድ

ጣርማበር በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ያለ የተራራ በር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የደጋውን ጠርዝ የሚሻገረው እዚህ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጠርዙ ውሃ ይከፍላል። ወደ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽን ይቀላቀላል።

ከመኪና በፊትም ነጋዴውና ዘማቹ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው በዚህ ጠርዝ ነበር።

መንገዱን ጣሊያን እንዳወጣው የሚያወሩ ብዙ ናቸው። ልክ አይደለም። ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ነበር፤ ጥርጊያ ይሁን እንጂ መኪና ይሄድበታል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮም ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በዚሁ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ተነሳ። ጣርማበር ሲደርስ ግን ወገን መንገዱን በፈንጂ ቆርጦ ጠበቀው። ያ ሁሉ ሞተር ገደል አፋፍ ላይ ተገትሮ ቀረ። ጥገናው ከአንድ ቀን በላይ ፈጀ፤ ወታደሩ ድንጋይ እየተሸከመ የተናደውን ሞላ። በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 24፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ጠላት ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ነው። ያለ ከባድ መሣሪያ ይህን ያህል ማቆም የሚያኮራ ሥራ ነው።

ዋሻው የተፈለፈለው ከዚያ በኋላ፣ በወረራው ዘመን ነው። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። የሙሶሎኒ ዋሻ የሚሉት አሉ፤ የጣርማበር ዋሻ ማለት ይበቃል። በ1933 ጣሊያንን ያሳደደው ጦር ወደ ደሴ የዘመተው በዚሁ መስመር ነው።

ዛሬ ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱና ሚኒባሱ በዚህ ያልፋል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ በጠራራ ቀትር መብራት ይበራል። ገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ይግጣል። ደብረ ሲና ላይ ተሳፋሪ ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም፤ የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የታወቀ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ መንገዱ ከዋሻው ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጋቢ የለበሰው ጋቢውን ይጥላል፤ ማንጎና ፓፓያ ይመጣል።

የቁልቁለቱ አፈር ግን አይታመንም። በ1998 መጀመሪያ ላይ ደብረ ሲና አካባቢ መሬት ተንዶ ብዙ ገበሬ ከቤቱና ከማሳው ተፈናቅሏል። ለመንገዱም ትልቁ ስጋት ይኸው ነው፤ ፍሳሹ በየክረምቱ ካልተጠረገና የድጋፍ ግንቡ ካልታየ አስፋልቱ አብሮ ይሸሻል።