ጆርኒማን ተጫዋች ምንድን ነው? የሚክ ሃርፎርድ ጉዞ

የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው «ጆርኒማን» የሚባል ተጫዋች እንዳለ ሳይሰማ አይቀርም። በአንድ ክለብ ሳይረጋ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ አንዳንዴም በየጥቂት ወሩ ማሊያ እየቀየረ እንጀራውን ከኳስ የሚበላ ባለሙያ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው በንቀት ነው፤ ቢሳካለት ኖሮ መች ይዞር ነበር ይባላል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በአራቱ የእንግሊዝ ዲቪዚዮኖች ከሚጫወቱት 92 ክለቦች አብዛኞቹ የውድድር ዘመኑን የሚወጡት በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ትከሻ ነው። የአጥቂው የሚክ ሃርፎርድ ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርፎርድ በ1959 በሰንደርላንድ ተወለደ። ረጅም፣ በአየር ላይ ኳስ የማይቻል፣ ከግጭት ወደኋላ የማይል ሰው ነበር። በዘመኑ የተጫወቱ ተከላካዮች ማንን መግጠም ይከብዳችሁ ነበር ሲባሉ ስሙን ደጋግመው ያነሳሉ። በ1977 በሊንከን ሲቲ ጀመረ፤ ከዚያ ኒውካስል፣ ብሪስቶል ሲቲ፣ በርሚንግሃም፣ ሉተን ታውን፣ ደርቢ ካውንቲ፣ እንደገና ሉተን፣ ቼልሲ፣ ሰንደርላንድ፣ ኮቨንትሪ፣ በመጨረሻም ዊምብልደን። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ አሥር ክለብ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ዞረ? መልሱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከተጫዋቹ እግር ሳይሆን ከክለቡ ካዝና ነው። ብሪስቶል ሲቲ በ1981 ከኒውካስል ሲገዛው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። በ1982 መጀመሪያ ክለቡ ሊፈርስ ጫፍ ደርሶ፣ ስምንት ነባር ተጫዋቾች ውላቸውን ቀድደው በመውጣታቸው ነው የተረፈው። ሃርፎርድ ከስምንቱ አንዱ አልነበረም፤ እሱ ገና የዝውውር ሒሳቡ ተከፍሎ አላለቀም ነበርና ወዲያው ለበርሚንግሃም ተሸጠ። አንድም ጨዋታ ባያበላሽ፣ ጎል በጎል ላይ ቢደራርብ እንኳ ያን ዓመት በዚያ ክለብ መቆየት አይችልም ነበር።

ሕጉም ለዚህ የተመቸ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የበጋና የጥር የዝውውር መስኮት ወደ እንግሊዝ የመጣው በ2002 ነው። በሃርፎርድ ዘመን ክለቦች እስከ መጋቢት መገባደጃ ድረስ በፈለጉበት ሳምንት ይገዙና ይሸጡ ነበር። አጥቂው የተጎዳበት አሰልጣኝ ስልኩን ያነሳል፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አጥቂ ልምምድ ሜዳ ላይ ይገኛል። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ (ውሉ ያለቀ ተጫዋችን ነጻ ካወጣው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሳኔ) በፊት ደግሞ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ሲሄድ የቀድሞ ክለቡ ዋጋ መጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ጆርኒማን ለድሃ ክለብ ጎል አስቆጣሪ ብቻ ሳይሆን ሲቸግር የሚሸጥ ንብረትም ነበር። ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ከተማ ይነቀላል፤ በአዲሱ መልበሻ ክፍል ማንንም ሳያውቅ ቅዳሜ ተሰልፎ ውጤት ይጠበቅበታል። ለመላመድ ጊዜ የሚሰጠው የለም። ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃርፎርድ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፈው ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ በሉተን ነው። በ1988 ሉተን በዌምብሌይ አርሰናልን 3 ለ 2 አሸንፎ በጥሎ ማለፍ የሚካሄደውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ በአጥቂ መስመር ተሰልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ከእስራኤልና ከዴንማርክ ጋር በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫወተ። ጆርኒማን ሲባል የብሔራዊ ቡድን ማሊያ የማይገባው የሚመስለን ከሆነ ተሳስተናል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የ1991 የውድድር ዘመን የመጨረሻ ቀን ነው። ሃርፎርድ ያኔ የደርቢ ተጫዋች ነበር፤ ደርቢ ቀድሞ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወርዷል። የገጠመው ደግሞ ላለመውረድ የሚታገለውን የቀድሞ ክለቡን ሉተንን፣ በራሱ በሉተን ሜዳ ነው። ሃርፎርድ በራሱ ቡድን መረብ ላይ አስቆጠረ፤ ሉተን 2 ለ 0 አሸንፎ ተረፈ። በሉተን ፋንታ የወረደው ማን ነበር? ሰንደርላንድ፣ የተወለደባት ከተማ ክለብ። ሆን ብሎ ነው አይደለም የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልቆመም። በዚያው ዓመት ወደ ሉተን ተመለሰ፤ በ1993 ደግሞ ለጥቂት ወራት የሰንደርላንድን ማሊያ ለበሰ። ለብዙ ክለብ የተጫወተ ሰው ልቡ የትም አይደለም የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ቼልሲ በፕሪሚየር ሊግ ያስቆጠረው የመጀመሪያ ጎልም የእሱ ነው፤ ነሐሴ 1992፣ ከኦልድሃም ጋር። በኮቨንትሪ ደግሞ የተጫወተው አንድ የሊግ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ተቀይሮ ገብቶ የቀድሞ ክለቡን ኒውካስልን ያሸነፉበትን ጎል አገባ። በዊምብልደን አርባ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ተጫወተ።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ሥራው ከሉተን ጋር ቀጠለ። በ2008/09 በአሰልጣኝነት ሲመራው ክለቡ 30 ነጥብ ተቀንሶበት ስለነበር ከመውረድ አላመለጠም፤ የታችኛዎቹ ዲቪዚዮኖች ክለቦች የሚወዳደሩበትን የፉትቦል ሊግ ትሮፊን ግን በዌምብሌይ አነሳ። በ2019 በጊዜያዊ አሰልጣኝነት ቡድኑን የሊግ ዋን (የሦስተኛው ዲቪዚዮን) ሻምፒዮን አደረገ። በኋላም የተጫዋቾች ምልመላ ኃላፊ ሆኖ ሳለ ክለቡ በ2023 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ።

ያ ቡድን ሲታይ የመልማዩን ዓይን ማስተዋል አያዳግትም። አጥቂው ኤላይጃ አዴባዮ የመጣው በአራተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት ከነበረው ዎልሳል ነው። ካርልተን ሞሪስ ደግሞ የኖርዊች ልጅ ሆኖ በውሰት ሃሚልተን፣ ሮዘርሃም፣ ሽሩስበሪና ሚልተን ኪንስ ዶንስን ዞሮ፣ በባርንስሊ በኩል ነው ሉተን የደረሰው። የዛሬ ጆርኒማን እንዲህ ነው፤ ድሮ በሽያጭ ይዞር የነበረው አሁን ገና በወጣትነቱ በውሰት ይዞራል። ሉተን በፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ጎሉን ያገኘውም በብራይተን ሜዳ ሞሪስ ከመታው ፍጹም ቅጣት ምት ነው።