ዙከርበርግን ለምን ከስልጣን ማውረድ አይቻልም?
ብዙ ሰው «ባለአክሲዮኖቹ ካልተስማሙ ለምን አያነሱትም» ይላል፣ ነገሩ ግን ሼር ሁሉ እኩል ድምፅ የለውም። ዙከርበርግ የሚመራው የፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ሜታ ሁለት አይነት ሼር አለው፣ ማንም ከገበያ የሚገዛው ክላስ ኤ አንዱ 1 ድምፅ ነው፣ ዙከርበርግና ጥቂት የውስጥ ሰዎች የያዙት ክላስ ቢ ደሞ አንዱ 10 ድምፅ፣ እድር ላይ የአንዱ ሰው እጅ እንደ 10 እጅ ሲቆጠር አስቡት። ስለዚህ ድርሻው ከ15 በመቶ በታች ሆኖ ድምፁ ከግማሽ ያልፋል፣ ዋና ስራ አስኪያጁን የሚሾመውንና የሚያነሳውን ቦርድ የሚመርጠውም ያው ድምፅ ነው። ሌሎቹ ባለአክሲዮኖች በተደጋጋሚ «ለአንድ ሼር አንድ ድምፅ ይሁን» ብለው ሀሳብ አቅርበዋል፣ ይወድቃል፣ የሚጥለው ራሱ ነዋ! አሜሪካ ውስጥ ይሄ ህጋዊ ነው፣ የስናፕቻት ባለቤት ስናፕማ በ2017 ለህዝብ የሸጠው ሼር ጭራሽ ድምፅ የለውም። የቀረው ፍርድ ቤትና መንግስት ነው፣ በ2019 ፌስቡክ በፕራይቬሲ ጉዳይ 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፣ ወንበሩን ግን ማንም አልነካበትም።