የድንጋይ ከሰል ቁፋሮና የጅረት ውሃ ጨዋማነት

ውሃ ደጋግመው የሚያፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ውሃው ተንኖ ሄደ፣ ሟሙቶበት የነበረው ነገር ቀረ። ይህ ነገር በወጉ ሲጠራ «አጠቃላይ የሟሟ ጠጣር» ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው «ቲዲኤስ» ነው የሚለው። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ሰልፌት፣ ባይካርቦኔት፣ ክሎራይድ፤ ባጭሩ ጨው ነው። የከሰል ማዕድን በአጠገቡ ያለውን ጅረት ምን አደረገው ሲባል ቶሎ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ዋናው የጨው ምንጭ ከሰሉን አቅፎ የኖረው ዐለት ነው። ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይኖርበታል። ተቀብሮ ሳለ ማንንም አይነካም። ተፈርክሶ አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ካለው አሲዱ ኃይሉን ያጣል፣ ጨዉ ግን ይበዛል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጥርት ያለ፣ ፒኤቹም (የአሲድነት ልኩ) ደህና የሆነ ውሃ ጨው ተሸክሞ ሊወርድ ይችላል።

አለካኩ ቀላል ይመስላል። ውሃው ይጣራል፣ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርቃል፣ የቀረው ይመዘናል። ሜዳ ላይ ደግሞ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ይነበባል። ንባቡ በ0.55 እና በ0.75 መካከል ባለ ቁጥር ሲባዛ የቲዲኤሱን ግምት ይሰጣል። ማባዣው ግን ከጅረት ጅረት ይለያያል፣ ስለዚህ ለየቦታው በሚዛን መረጋገጥ አለበት። ናሙና የሚወሰደው ከማዕድኑ በላይና በታች ነው። ጠርሙሱም በዚያው በጅረቱ ውሃ ሦስቴ ይለቀለቃል። ይህን የሚዘልል ሰው ቁጥሩን አልለካም፣ ገምቷል ማለት ነው።

የውሃው ፍሰት ካልተለካ ደግሞ ግምገማው ጎደሎ ነው። 500 ሚሊ ግራም በሊትር የያዘ ጅረት በሰከንድ 100 ሊትር ቢፈስ በቀን 43 ኩንታል ገደማ ጨው ያወርዳል። ዝናብ ሲመጣ መጠኑ በሊትር ይቀንስና ማዕድኑ ጥፋት የሌለበት ይመስላል። በበጋ ጅረቱ ሲያንስ ነው ጉዱ የሚወጣው።

የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ መመሪያ 500 ሚሊ ግራም በሊትር የሚለው በጣዕም ምክንያት ነው እንጂ በጤና አይደለም፣ አስገዳጅም አይደለም። ለውሃ ውስጥ ነፍሳት ግን ጉዳዩ የሕይወት ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 በምሥራቅ አሜሪካ ላለው ተራራማ የከሰል አካባቢ፣ ለማዕከላዊ አፓላቺያ ጅረቶች፣ 300 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር (የኮንዳክቲቪቲ መለኪያው ንባብ ነው) የሚል መነሻ አወጣ። ከዚያ ካለፈ ከአካባቢው የነፍሳት ወገኖች ከ5 በመቶ በላይ ይጠፋሉ ነው ሐሳቡ። በተራራ አናት ቁፋሮ የወጣ ዐለት ሸለቆ በሞላባቸው ቦታዎች ከ1,000 በላይ መነበቡ ብርቅ አይደለም። የማዕድን ኩባንያዎቹ መነሻውን አጥብቀው ተከራክረውበታል፤ የሜዳ መረጃው ግን ጠንካራ ነው።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ቦታ ይታይ ከተባለ ዳንካርድ ክሪክ ነው። ጅረቱ በዌስት ቨርጂኒያና በፔንሲልቬንያ ድንበር ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ሞኖንጋሂላ ወንዝ ይገባል። ዙሪያው ከመሬት በታች የሚቆፈር የከሰል ማዕድን ነው። ዋሻዎቹ እንዳይሞሉ ውሃቸው እየተሳበ ጅረቱ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ዓሣዎቹ በገፍ ሞተው ተንሳፈፉ። ሙስል የሚባሉት ባለ ዛጎሎችም አለቁ። ገዳዩ «ወርቃማ አልጌ» ነበር፤ በጨዋማ ውሃ የሚመቸው፣ ቴክሳስ ውስጥ የታወቀ፣ እዚያ አካባቢ ግን እንግዳ የሆነ አልጌ ነው። መርዙ የዓሣን ስንጥብ ያበላሻል። አልጌው እንዴት እንደመጣ ብዙ ተብሏል፤ ጨዉን በተመለከተ ጣት የተቀሰረው በማዕድን ውሃው ላይ ነው። አንዳንዶች ከጋዝ ጉድጓዶች የመጣ ፍሳሽም እንዳለበት ይናገራሉ። የከሰል ኩባንያው ኮንሶል ኢነርጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት 5.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈልና 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ የውሃ ማጣሪያ ለመገንባት ተስማማ። እዚህ ላይ የጅረት ለካኞች ውለታ መነሳት አለበት። የቀደሙት ንባቦች በመዝገብ ባይኖሩ ኖሮ ክርክሩ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

በአሜሪካ ከቁፋሮው በፊት በውሃው ላይ የሚያደርሰውን መገምገም ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የገጽ ማዕድን ሕግ ነው።

ማዕድኑ ሲዘጋ ጨዉ አብሮ አይዘጋም። ሸለቆ ውስጥ የተደፋ ዐለት ለአሥርተ ዓመታት ይታጠባል፤ ላዩ ሣር ለብሶ ደን ቢመስልም ከሥሩ የሚወጣው ምንጭ ያው ነው።

በእኛ አገር የድንጋይ ከሰል በያዩ፣ በዴልቢና ሞዬ፣ በጭልጋም ይገኛል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ፍላጎትም ጨምሯል። የያዩው ከሰል ያለው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በመዘገበው የጫካ ቡና ጥብቅ ሥፍራ አካባቢ ነው። በዚያ የሚያልፈው የጌባ ወንዝ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይሠራል። ጌባ ላይ ከማዕድኑ በላይና በታች፣ በበጋም በክረምትም የሚወሰድ ንባብ ቁፋሮው ከመስፋቱ በፊት ቢጀመር የሚያስፈልገው አንድ የእጅ መለኪያ፣ ጥቂት ንጹህ ጠርሙሶችና በየወሩ ወንዝ የሚወርድ ሰው ነው።